የ‹ሃሎዊን› ፊልሞች፦ ማን ሞተ? ማን ተነሳ? የትኛውስ ይቆጠራል? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

የ‹ሃሎዊን› አስፈሪ ፊልሞች ነፍሰ ገዳይ ማይክል ማየርስ በእሳት ነዷል። በጥይት ተደብድቦ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ወድቋል። አንገቱም በመጥረቢያ ተቆርጧል። ግን በሚቀጥለው ፊልም ቢላዋውን ይዞ ከች ይላል። ከእሱ የምታመልጠው ሎሪ ስትሮድም ሞታ ተመልሳ መጥታለች። ከመሀል አንዱን ከፍቶ «ቆይ፣ ይቺ ሴትዮ ሞታ አልነበር?» ያለ ሰው አይፈረድበትም።

ሰው ሁሌ የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። የፊልሞቹንም መጨረሻ እየዘረገፍኩ ነው የምሄደው። «ሳላይ አይነገረኝ» የምትሉ፣ ወደታች ወርዳችሁ «ከየትኛው ልጀምር?» የሚለውን ብቻ አንብቡ።

በአጠቃላይ ስንት ፊልም ነው?

13። የመጀመሪያው በ1978፣ የመጨረሻው በ2022 ወጣ። በመሀል የ1981፣ የ1982፣ የ1988፣ የ1989፣ የ1995፣ የ1998፣ የ2002፣ የ2007፣ የ2009፣ የ2018 እና የ2021 አሉ።

ዓመቱን ልብ በሉ። በስም ብቻ ከፈለጋችሁ ትሳሳታላችሁ። የ1978ቱም፣ የ2007ቱም፣ የ2018ቱም ስማቸው ‹ሃሎዊን› ነው፤ ሌላ ቅጥያ የላቸውም። ‹ሃሎዊን 2› የሚባልም ሁለት አለ፤ የ1981ዱና የ2009ኙ። ጓደኛችሁ «ሃሎዊንን አየሁት» ካላችሁ፣ መጀመሪያ «የትኛውን?» በሉት።

ሃሎዊን ራሱ ምንድን ነው?

ኦክቶበር 31 ማታ አሜሪካ ውስጥ የሚከበር በዓል ነው። ልጆች የጭራቅ፣ የጠንቋይ ወይም የጀግና ልብስ ለብሰው፣ ማስክ አጥልቀው፣ እንደ ቡሄ ጨፋሪ በየበሩ እየዞሩ ከረሜላ ይሰበስባሉ። ለፊልሙ ይኼ ትልቅ ነገር ነው። በዚያች ማታ አንድ ሰው ማስክ አጥልቆ መሀል መንገድ ላይ ቢቆም ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ተከታይ፣ ሪሜክ፣ ሪቡት ሲባል ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ተከታይ ያው የምናውቀው ክፍል ሁለት፣ ክፍል ሦስት ነው። ያለፈው ካቆመበት ይቀጥላል። የ1981ዱ ቃል በቃል እንዲህ ነው፤ የመጀመሪያው ያለቀበትን ያንኑ ሌሊት ይዞ ይቀጥላል። ሎሪ ቆስላ ሆስፒታል ትገባለች፣ ማይክልም እዚያው ይከተላታል።

ሪሜክ የድሮውን ታሪክ በአዲስ ተዋናዮች ከዜሮ መሥራት ነው። ዳይሬክተሩ ሮብ ዞምቢ በ2007 ያደረገው ይኼንኑ ነው።

ሪቡት ደግሞ የቆየውን የታሪክ መስመር ጥሎ እንደ አዲስ መነሳት ነው። የ2007ቱንም ሪቡት የሚሉት አሉ፤ አያጣላንም። የ‹ሃሎዊን› ሰዎች ግን ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት ሌላ ዘዴ አላቸው። ያልተመቻቸውን ክፍል እንዳልተፈጠረ ይቆጥሩና ከሚወዱት ላይ ይቀጥላሉ። በ1998 እንዲህ አደረጉ። በ2018 ደገሙት። ተከታይም ነው፣ ሪቡትም ነው። ግራ የሚያጋባችሁ በሙሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ታዲያ ሎሪ ሞታ እንዴት ተመለሰች?

አልተመለሰችም። የሞተችው ሎሪና በኋላ ያያችኋት ሎሪ በአንድ ታሪክ ውስጥ አይደሉም። 13ቱ ፊልሞች በአምስት መንገድ ይከፈላሉ።

በመጀመሪያው መንገድ የ1978፣ የ1981፣ የ1988፣ የ1989 እና የ1995 ፊልሞች ይሄዳሉ። እዚህ ሎሪ በመኪና አደጋ ሞታለች ይባላል። ስትሞት አናያትም፣ ይነገረናል እንጂ። ማይክል የሚያሳድደው ትንሿን ልጇን ጄሚን ነው።

ሁለተኛው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊልሞች በቀጥታ ወደ 1998 ይዘላል። በመሀል ያሉት ሁሉ የሉም። ሎሪ ሞተች ተብሎ የተወራው ለማስመሰል ነበር፤ ስሟን ቀይራ ካሊፎርኒያ ውስጥ የአንድ የግል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆናለች። ጄሚ የምትባል ልጅ የለቻትም፤ ጆን የሚባል ወንድ ልጅ ነው ያላት። እዚህ መስመር ላይ ሎሪ በእርግጥም ትሞታለች፤ በ2002ቱ ፊልም መግቢያ ላይ።

ሦስተኛው የሮብ ዞምቢ የ2007 እና የ2009 ፊልሞች ናቸው። ከማንም ጋር አይነካኩም።

አራተኛው የ1978ቱን ብቻ ይቀበልና ቀጥታ ወደ 2018፣ 2021 እና 2022 ይሄዳል። የ1981ዱ እንኳን ተሰርዟል። ሎሪ እዚህ አያት ሆናለች።

አምስተኛው የ1982ቱ ነው፤ ብቻውን የቆመ። እሱን ለብቻው እንመጣበታለን።

የመጀመሪያው ፊልም ምን የተለየ ነገር አለው?

ርካሽ ነበር፤ ርካሽነቱ ግን ጠቅሞታል። በ300,000 ዶላር ገደማ፣ በአራት ሳምንት ውስጥ፣ በ1978 ጸደይ ተቀረጸ። ታሪኩ የሚሆነው ኢሊኖይ ውስጥ፣ ሃዶንፊልድ በምትባል ከተማ ነው። እንዲህ የምትባል ከተማ ኢሊኖይ ውስጥ የለችም። ስሙን ያመጣችው ጽሑፉን ከዳይሬክተሩ ከጆን ካርፔንተር ጋር የጻፈችውና ፕሮዲዩስ ያደረገችው ዴብራ ሂል ናት፤ ኒው ጀርሲ ውስጥ ካለችው የራሷ ከተማ ሃዶንፊልድ ወስዳ። ቀረጻው ደግሞ ሎስ አንጀለስ አካባቢ ነው። ቀረጻው በጸደይ፣ ታሪኩ ቅጠል በሚረግፍበት በመጸው። ስለዚህ የደረቁ ቅጠሎችን ቀለም ቀብተው መንገድ ላይ ይበትኑና፣ ትዕይንቱ ሲያልቅ ለቅመው ለሚቀጥለው ያስቀምጡ ነበር። አተኩራችሁ ካያችሁ ዛፎቹ አረንጓዴ ናቸው። ኢሊኖይ ውስጥ ዘንባባም ታያላችሁ።

መግቢያው ግን ዛሬም ያስደነግጣል። 1963 ነው። ካሜራው የአንድ ሰው ዓይን ሆኖ ቤቱን በውጭ ይዞራል፣ በጓሮ ይገባል። እጅ ይዘረጋና ከመሳቢያ ቢላዋ ያወጣል። ደረጃውን ይወጣል። የሰርከስ ቀልደኛ ማስክ ከወለል ያነሳና ያጠልቃል። ከዚያ በኋላ የምናየው በሁለቱ የማስኩ ቀዳዳ ብቻ ነው። አንዲት ወጣት ተወግታ ትሞታለች። ካሜራው ወደ ውጭ ይወጣል፣ መኪና ይቆማል፣ አንድ ሰው ማስኩን ያወልቃል። ሙሉ ጊዜ በማን ዓይን ስናይ እንደቆየን ያኔ ነው የምናውቀው፤ የስድስት ዓመቱ ሕፃን ማይክል ነው። በደም የራሰ ቢላዋ ይዞ ቆሟል። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ቢላዋውን ስትይዝ የምትታየው እጅ፣ ለነገሩ፣ የዴብራ ሂል የራሷ እጅ ናት።

ደም በብዛት ትጠብቁ ይሆናል። የለም። ሰዎች «ዘግናኝ ነበር» እያሉ የሚያወሩለት ይኼ ፊልም ላይ ደም ማግኘት ፍለጋ ነው። የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው። ማይክል አድጎ ከአጥር ጀርባ ይቆማል። ከተሰጣ አንሶላ መሀል ይታያል፣ ሎሪ ዓይኗን መልሳ ስታይ የለም። በጠራራ ፀሐይ ነው ይኼ ሁሉ።

አሜሪካ ውስጥ ብቻ 47 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ወጪውንና ገቢውን ካያችሁ፣ 12 ፊልም ለምን እንደተከተለው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ከሚያስቀምጣቸው ፊልሞች መዝገብ ውስጥ ገባ።

የማይክል ነጭ ማስክ የማን ፊት ነው?

የዊልያም ሻትነር። የ‹ስታር ትሬክ›ን ካፒቴን ከርክን የተጫወተው። ቶሚ ሊ ዋላስ የሚባለው የቡድኑ አባል ሁለት ዶላር በማይሞላ ዋጋ ከሱቅ ገዛው። ቅንድቡን አነሳ፣ የዓይኑን ቀዳዳ አሰፋ፣ ነጭ ቀባው፣ ፀጉሩን አንጨባረረው። በቃ። በኋላ የመጡት ፊልሞች በብዙ ገንዘብ ያሠሯቸው ማስኮች ይኼን የሱቅ ዕቃ ሊያክሉ አልቻሉም። የ1988ቱን ማስክ እዩት፤ ገና ከፌስታል የወጣ ይመስላል።

ማይክልን የተጫወተው ማን ነው?

ብዙ ሰው። የመጀመሪያው ኒክ ካስል ነው፤ የካርፔንተር የፊልም ትምህርት ቤት ጓደኛ። በቀን 25 ዶላር ይከፈለው ነበር። ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ማስክ ማጥለቅና መራመድ። ግን አንድ ትዕይንት አለ። ማይክል አንዱን ልጅ በቢላዋ ከግድግዳ ጋር ሰፍቶ ይሰቅለዋል። ከዚያ አይሄድም። ቆሞ ያየዋል። አንገቱን ቀስ ብሎ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ወደ ሌላኛውም። ሥዕል የሚያይ ሰው እንደሚያደርገው። ይችን አንገት ማዘንበል በኋላ የመጡት ሁሉ ሊደግሟት ሞክረዋል።

ከ2018 እስከ 2022 ባሉት ሦስቱ ላይ በብዛት የተጫወተው ጄምስ ጁድ ኮርትኒ ነው። ካስልም ለትንሽ ትዕይንት ተመልሷል። የዞምቢው ማይክል ታይለር ሜን ሲሆን የቀድሞ ነፃ ትግል ተጫዋች ነው፤ ቁመቱ ከሁለት ሜትር ያልፋል። በር አይከፍትም፣ በሩን ይዞት ይገባል።

ማይክል የሎሪ ወንድም ነው ወይስ አይደለም?

እንደ ፊልሙ ነው። በ1978ቱ ውስጥ አይደለም። ጠዋት ላይ ሎሪ የድሮ ቤቱ በር ላይ ቁልፍ ልታስቀምጥ ትሄዳለች፤ እሱ ከውስጥ ሆኖ ያያታል። አለቀ። ሌላ ምክንያት የለም። ያቺ ቀን እሷ ባትሆን ሌላ ሴት ልትሆን ትችል ነበር።

በ1981 ካርፔንተርና ሂል ተከታዩን ሲጽፉ ሎሪ እህቱ ናት አሉ። ካርፔንተር ጽሑፉን ሲጽፍ ሐሳብ አልቆበት ቢራ እየጠጣ እንደነበር ራሱ በቃለ መጠይቅ ተናግሯል፤ በዚያች ሐሳብም ደስተኛ አይደለም። ግን ወጣች። በኋላ ከመጡት ፊልሞች አብዛኞቹ በእሷ ላይ ተገነቡ። እህት ከሆነች ልጇም ሥጋው ናት፤ ልጇን ያሳድድ። ለምን ሥጋውን ያሳድዳል? እርግማን አለበት። እርግማኑ ከየት መጣ? ከሚስጥራዊ ማኅበር። እንዲህ እየተባለ በ1995 ማይክል ‹ቶርን› በሚባል የጥንት ምልክት የሚያምኑ ሰዎች የሚነዱት ሎሌ ሆኖ ቁጭ አለ።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። ማይክል የሚያስፈራው ለምን እንደሚገድል ስለማናውቅ ነው። ሐኪሙ ዶክተር ሉሚስ 15 ዓመት ሙሉ ተመልክቶት ያገኘው ምንም ነገር የለም፤ «ክፋት ነው» ከማለት ሌላ። ሉሚስን የሚጫወተው ዶናልድ ፕሌዘንስ ይችን ሲናገር ድምፁን ስሙት፤ ሽንፈቱን የሚናዘዝ ሐኪም ነው። ከዚያ በኋላ ለማይክል ምክንያት የሰጠ ፊልም ሁሉ ትንሽ ትንሽ አሳንሶታል።

የ2018ቱ ፊልም ይኼን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ላሽ ብሎታል። የሎሪ የልጅ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር እየሄደች «ወንድሟ አልነበር እንዴ?» ይሏታል። «አይ፣ ሰው የፈጠረው ወሬ ነው» ብላ ታልፋለች። የ37 ዓመት ጣጣ በአንዲት መልስ!

ሦስተኛው ላይ ማይክል የት ሄደ?

የትም። ታሪኩ የሌላ ነው። ካርፔንተርና ሂል የማይክል ነገር በ1981 አብቅቷል ብለው ነበር፤ ሎሪ ሁለቱንም ዓይኑን በጥይት መትታው፣ ሉሚስ ሆስፒታሉን አብሮት አቃጥሎታል። ሐሳባቸው ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በበዓሉ ዙሪያ አዲስ ታሪክ መሥራት ነበር።

የ1982ቱ የዚያ ሙከራ ነው። የመራው ያው ማስኩን የገዛው ቶሚ ሊ ዋላስ ነው። የአንድ ማስክ ፋብሪካ ባለቤት ለልጆች የሚሸጣቸው ማስኮች ውስጥ እንግሊዝ ካሉት የጥንት ትክል ድንጋዮች፣ ከስቶንሄንጅ፣ የተሰረቀ የድንጋይ ስባሪ ይደብቃል። ቴሌቪዥን ላይ ማስታወቂያው ሲመጣ ማስኩን ያጠለቀ ልጅ ሁሉ ያልቃል። የማስታወቂያው ዘፈን አንዴ ጆሮ ከገባ አይወጣም፤ ሳምንት ሙሉ ነው የሚያዜማችሁ። ማይክል የሚታየው የመጀመሪያው ፊልም ቴሌቪዥን ላይ ሲመጣ ብቻ ነው።

ሰው ተናደደ። ማይክልን ሊያይ ከፍሎ ገብቶ የማስክ ነጋዴ አገኘ። ገቢው ወደ 14 ሚሊዮን ዶላር ወረደ። ዛሬ ግን ብዙ ወዳጅ አለው፤ እኔም አንዱ ነኝ። ስሙ ‹ሃሎዊን 3› ባይሆን ኖሮ ያኔም ይወደድ ነበር።

4፣ 5 እና 6 መታየት አለባቸው?

አራተኛውን (1988) እዩት። ዳንዬል ሃሪስ የምትባል ሕፃን የሎሪን ልጅ ሆና ፊልሙን በጫንቃዋ ተሸክማዋለች። መጨረሻውም ከሁሉም ተከታዮች የበለጠ ነው። ሁሉም ነገር አለቀ ሲባል ከላይኛው ፎቅ ጩኸት ይሰማል። ሉሚስ ወደ ደረጃው ይሮጥና ቀና ሲል ትንሿ ጄሚ የቀልደኛ ልብሷን ለብሳ፣ ደም የነካው መቀስ ይዛ ቆማለች። ልክ ማይክል በ1963 እንደቆመው። ሉሚስ «አይሆንም! አይሆንም!» እያለ ይጮሃል። ፊልሙ ያልቃል።

በነገራችን ላይ፣ ሁለቱም ዓይኑ የጠፋ ሰውዬ እዚህ ፊልም ላይ አጥርቶ ያያል። ማንም አልጠየቀም።

አምስተኛው (1989) ያን ሁሉ ድፍረት ዋጠው። የተወጋችው አሳዳጊ እናት ተረፈች፣ ጄሚም ክፉ አልሆነችም። ጥቁር የለበሰ ሰው ከአውቶቡስ ይወርዳል፤ ማን እንደሆነ ፊልሙ አይነግረንም። ስድስተኛው (1995) ያን ሰው ለማስረዳት ሲል ሚስጥራዊ ማኅበሩን አመጣ። ፕሌዘንስ ፊልሙ ሳይወጣ በፌብሩዋሪ 1995 አረፈ፤ ፊልሙም ተቆራርጦ፣ አዲስ ቀረጻ ተጨምሮበት ወጣ። ሌላኛው ቅጂ ለብዙ ዓመት በተባዛ ካሴት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ በ2014 በይፋ ተለቀቀ። ማየት ካለባችሁ እሱን እዩ፤ ቢያንስ መጨረሻ አለው። ወጣቱን ተዋናይ ፖል ራድን ደግሞ ታገኙታላችሁ።

በ1998ቱ አንገቱ ተቆርጦ የለም እንዴ?

ተቆርጧል፤ የማይክል ግን አይደለም። የ2002ቱ ፊልም እንዲህ ይለናል፤ ማይክል የአንድ አምቡላንስ ሠራተኛ ጉሮሮ ቀጥቅጦ፣ ማስኩን አጥልቆለት፣ ልብሱን ቀይሮ ሄደ። ሎሪ አንገቱን የቆረጠችው ያን መናገር ያቃተውን ምስኪን ነው።

ይኼ ከሁሉም ያናደደኝ ነገር ነው። የ1998ቱ መጨረሻ ያማረ ነበር። 20 ዓመት ስትሸሽ የኖረች ሴት በሩን ከውስጥ ቆልፋ፣ መጥረቢያ ይዛ፣ «ማይክል!» እያለች በስሙ ስትጣራው። አደን የሚወጣው ማን እንደሆነ ተቀያየረ። በዚያ ቢበቃ ኖሮ። አልበቃም፤ እሷ ገና መግቢያው ላይ ትገደላለች፣ ከዚያ ራፐሩ ባስታ ራይምስ ማይክልን በካራቴ ይመታዋል። ቀልዴን አይደለም።

ማይክል ለምን አይሞትም?

በታሪኩ ውስጥ መልስ የለም፤ ከታሪኩ ውጭ ግን አለ። የመጀመሪያውን ፊልም በገንዘብ የደገፈው ሙስጠፋ አካድ ነው። ሶርያ፣ አሌፖ ተወልዶ አሜሪካ የሄደ ሰው። ስለ እስልምና አጀማመር የሚናገረውን ‹ዘ ሜሴጅ›ን የሠራው፣ ፋሺስት ጣሊያንን ስለተዋጋው ሊቢያዊ ኡመር ሙኽታር ‹ላየን ኦፍ ዘ ዴዘርት›ን የሠራው ያው ራሱ ነው። ብዙዎቻችን ሁለቱን ፊልሞች እናውቃለን፤ ማይክል ማየርስ የዚያው ሰው ንብረት መሆኑን ግን አንጠረጥርም።

አካድ እስከ 2002 በወጡት ስምንቱም ላይ ስሙ አለ። ካርፔንተርና ሂል ከ1982 በኋላ ሲወጡ ማይክልን ያስመለሰው እሱ ነው። በ1998 ሎሪ ትግደለው ሲባልም ማይክል በእርግጥ እንዲሞት አልፈቀደም፤ የአምቡላንስ ሠራተኛው ዘዴ የመጣው ለዚህ ነው። ገበያ ያለው ዕቃ አይቀበርም።

አካድ በኖቬምበር 2005 ዮርዳኖስ፣ አማን ውስጥ ሆቴሎች ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት ከልጁ ከሪማ ጋር ሕይወቱ አለፈ። ሥራውን ልጁ ማሌክ ቀጠለ።

የሮብ ዞምቢ ሪሜክ እንዴት ነው?

ሁለት ጎራ አለ፤ የሚወዱትና የሚጠሉት። መሀል ሠፋሪ ብዙ አላጋጠመኝም፤ እኔ ግን ነኝ። ዞምቢ የሮክ ዘፋኝ ነው፣ ዓለሙ ቆሻሻና ጩኸት ነው። ካርፔንተር በአራት ደቂቃ ያለፈውን ልጅነት እሱ ግማሽ ፊልም አደረገው። የሚሳደብ የእናት ወዳጅ፣ ትምህርት ቤት የሚያሸማቅቁት ልጆች፣ የሚገድላቸው እንስሳት። እንደ ፊልም በደንብ የተሠራ ነው። ግን ማይክልን አስረዳው። አንዴ የሚያሳዝን ልጅ ሆኖ ካያችሁት በኋላ ከአጥር ጀርባ ሲቆም አትደነግጡም።

የ2009ኙ የበለጠ ያፈነገጠ ነው። የእናቱ መንፈስ በነጭ ፈረስ ይመጣል። ጥሩ ጎኑ ሎሪ ናት፤ ከጥቃት የተረፈች ልጅ በጤና እንደማትኖር ያሳያል። የ1988ቷ ሕፃን ዳንዬል ሃሪስም አድጋ በሁለቱም ላይ ሌላ ገፀ ባሕርይ ትጫወታለች።

የ2018ቱ ለምን ያን ያህል ተወራለት?

ሎሪን የተጫወተችው ጄሚ ሊ ከርቲስ ተመለሰች። ካርፔንተርም ከዓመታት በኋላ ተመለሰ፤ ሙዚቃውን ከልጁና ከዳንኤል ዴቪስ ጋር ሠራ። ያቺ የፒያኖ ዜማ በአምስት ምት ነው የምትሄደው፤ ለዚህ ነው ስትሰሟት እግራችሁ የሚሳሳተው። ዳይሬክተሩ ዴቪድ ጎርደን ግሪን፣ አብሮት ከጻፉት አንዱ ኮሜዲያኑ ዳኒ ማክብራይድ ነው። ሰው መጀመሪያ ሲሰማ ስቆ ነበር። 10 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ከ250 ሚሊዮን በላይ አስገባ።

ሎሪ እዚህ ጀግና አይደለችም፤ የተጎዳች ሴት ናት። ጫካ ውስጥ ቤቷን ምሽግ አድርጋ፣ ጠመንጃ ደርድራ 40 ዓመት ጠብቃዋለች። ሁለት ትዳር ፈርሷል፣ ልጇን ተቀምታለች።

የ2021ዱ በኮሮና ምክንያት አንድ ዓመት ዘግይቶ ወጣ። ጩኸቱ ብዙ፣ ሎሪ ግን ከሆስፒታል አልጋ ብዙም አትርቅም። ከተማው በሙሉ ማይክልን እገላለሁ ብሎ ተነስቶ ምስኪን ሰው ያሳድዳል፤ ከፊልሙ የሚታወስ ይኼ ነው።

በመጨረሻው ላይ ማይክል በእርግጥ ሞቷል?

በዚህ መስመር ላይ አዎ። የ2022ቱ ሎሪ የወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ በቢላዋ ቸንክራው፣ ጉሮሮውንና የእጁን ሥር ትቆርጣለች። ከዚያ ሬሳውን መኪና ላይ አስረው፣ የከተማው ሰው ተከትሎ፣ የብረት መፍጫ ማሽን ውስጥ ይከቱታል። የአምቡላንስ ሠራተኛ ነው ማለት ከእንግዲህ አይቻልም።

የተጠላው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ፊልሙ ግማሹን ኮሪ ለሚባል አዲስ ልጅ ይሰጠዋል። ኮሪ ሕፃን ሲጠብቅ በአደጋ ልጁ ይሞትበታል፣ ከተማው ነፍሰ ገዳይ ይለዋል፣ በመጨረሻም እንዳሉት ይሆናል። ማይክልን ሊያይ የመጣ ሰው እንደ 1982ቱ ተናደደ። ለእኔ ኮሪ የገባበት ግማሽ ከብረት መፍጫው ይሻላል።

ከየትኛው ልጀምር?

ከ1978ቱ። ምርጫ የለውም። ከዚያ የሚያዋጣው ወደ 2018 መዝለል ነው፤ ሁለቱን ብቻ አይታችሁ ብታቆሙም ምንም አይጎድላችሁም።

ሎሪን ከወደዳችሁ 1978፣ 1981፣ 1998 እዩና እዚያው ዝጉት፤ የ2002ቱን አትክፈቱ። ለየት ያለ ነገር ከፈለጋችሁ የ1982ቱን ማይክል እንደሌለበት አውቃችሁ ግቡ። ሁሉንም በተርታ ልያቸው የምትሉ በዓመት ቅደም ተከተል ሂዱ፤ መስመሩ ሲቀየር ያለፈውን ለመርሳት ተዘጋጁ።

ሌላ ይመጣል?

የቴሌቪዥን መብቱን የፊልም ኩባንያው ሚራማክስ በ2023 ወስዷል፤ ተከታታይ ድራማ ለመሥራት። ከተሠራ ስድስተኛው መስመር ሊሆን ይችላል።

ከልጆች ጋር ማየት ይቻላል?

አይቻልም። 13ቱም አሜሪካ ውስጥ ‹አር› የሚል ደረጃ የተሰጣቸው ናቸው፤ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሲኒማ ቤት አይገባም። የ1978ቱ ደሙ ትንሽ ነው ብላችሁም አትዘናጉ፤ ልጅ እንቅልፍ የሚያጣው በቁም ሳጥኑ ትዕይንት ነው። ሎሪ ውስጥ ተቀምጣለች፣ እሱ ከውጭ የእንጨቱን በር በእጁ እየሰበረ ይገባል፣ እሷ የልብስ መስቀያ ሽቦ ታቃናለች። አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ኦክቶበር ሲመጣ ልጃችሁ ያን ነጭ ማስክ ካልገዛችሁልኝ ቢል ፊልሙን አየ ማለት አይደለም። ማስኩ ሱቅ ሞልቷል፤ ዋጋው ግን ሁለት ዶላር መሆኑ ቀርቷል።